የጳጉሜን ካርድ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሥራዬን ይጠይቀኛል። ስሠራ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የዕድር ድንኳን ስንተክል አንዱ ቀና ይልና «ጋሽ ዘውዱ፣ እርስዎ ግን ምን ነበር የሚሠሩት?» ይለኛል። «ኮምፒውተር» እላለሁ። «እንዲያ ከሆነማ የልጄ ስልክ እምቢ ብሏል፣ እስቲ ቢያዩልኝ» ይላል። ስልክ አላውቅም። እኔ የማውቀው ሁለት ቋንቋ አልግባባ ሲል መሃል ገብቶ ማስታረቅ ነው፤ እሱንም አሁን የሚፈልገው የለም። ደግሞም ደክሞኛል።

በእኛ ጊዜ ኮምፒውተር የሚታዘዝባቸው ቋንቋዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ፣ ስማቸው ተለወጠ እንጂ። ኮቦል የሚባለው መዝገብ ይወዳል። ስምና ብዛት፣ ዝርዝርና ዝርዝር ቢሰጡት አይሰለቸውም። ፎርትራን የሚባለው ደግሞ ሥራው ስሌት ነው። ኮቦሉ ስሌት ሲከብደው ፎርትራኑን ይጠራዋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መልሱን ይቀበልና መዝገቡን ይቀጥላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ችግሩ አንዱ የሰጠውን ሌላው ሌላ ነገር አድርጎ ሊቀበለው መቻሉ ነው። ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ናቸው፤ መሃል ላይ ግን ቁጥሩ ይበላሻል፣ ማንም አይጮኽም። ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ መሃል ላይ ቆሜ ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ፒያሳ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ክፍል ነበር። ያኔ ኮምፒውተር የሚያነበው ቀዳዳ የተበሳበት ወፍራም ወረቀት፣ ካርድ የምንለውን፣ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራተኛ ደመወዝ በካርድ አስበስቻለሁ። አለቃችን ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ደግ ሰው ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የማስታውሰው የለኝም። ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ነው። ለእኔ ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ሆነ። ቅጻችን አሥራ ሁለት ሳጥን አለው፣ ፕሮግራማችን አሥራ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ የመንግሥት ሠራተኛ አምስቱን ቀን በነጻ ሠርቶ እንቁጣጣሽን በባዶ ኪስ ይቀበላል። ይህ ልማድ ውስጤ ምን ያህል እንደገባ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በደርግ ጊዜ ወደ ጉለሌ ተዛወርኩ። መኖሪያዬም እዚያው ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከሽሮ ሜዳ መንገድ ዝቅ ብሎ የሚገኝ የመድኃኒት ማከማቻ ነው፤ ረጃጅም የቆርቆሮ አዳራሾች፣ በግቢው ጥግ ደግሞ ክትባት የሚሰጥባት አንዲት ክፍል ነበረችው። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ሲገባ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ጫማ ይደረጋል። ዘበኛው ይህን ሲያይ «ቤተ መቅደስ አደረጋችሁት» እያለ ይስቅብን ነበር።

ሥራ ያስተማሩኝ እዚያ ያገኘኋቸው ጋሽ መርዕድ ናቸው። ቀጭን፣ ከጆሯቸው ጀርባ እርሳስ የማይጠፋ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ ተምረዋል፤ የየትኛውንም ዓመት በዓላትና ጾም ቁጭ ብለው በጣታቸው ያሰሉ ነበር። ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ማሽኑ ያተመውን ዝርዝር ይዘው ወደ አዳራሹ ይወርዳሉ፤ ከዝርዝሩ አንድ መስመር ይመርጡና ካርቶኑ ድረስ ሄደው በእጃቸው ይነኩታል። በዝናብም ይወርዳሉ። «ወረቀት ላይ ያለው መድኃኒት ሰው አያድንም» ይሉኛል።

ሁለተኛው ልማዳቸው የማስታረቂያ ዘዴያቸው ነው። አንዱ ቋንቋ ሌላውን ሲጠራ መልሱ ከተበላሸ፣ እኔ ወዲያው ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ማንበብ እጀምራለሁ። እሳቸው ወረቀቱን ከእጄ ይቀበሉኝና «አንድ ላክ» ይላሉ። ሌላውን ሁሉ ትተህ ቁጥር አንድን ላክ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ስንት እንደደረሰው ይንገርህ። አንድ ከደረሰ መጨረሻውን ላክ፤ ሊመጣ የሚችለውን ትልቁን። ሁለቱ በደህና ከደረሱ መሃሉ አያሳስብህም።

አዲሱ ማሽን ሲመጣ ዘዴያቸውን በዓይኔ አየሁ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በእንጨት ሳጥን ታሽጎ መጣ፤ ሁለት ባለሙያዎች ሦስት ወር ቆይተው፣ ማናችንም የማናነበው መመሪያ ትተውልን ሄዱ። የድሮውን ማሽን ሥራ ወደዚህ ማዛወር የእኛ ፋንታ ሆነ። ኮቦሉም ፎርትራኑም አለው፤ ግን አንዱ ሌላውን ሲጠራ የሚመለሰው ቁጥር እብደት ነበር። አሥር ቀን ታገልኩ፤ ራሴን ታመምኩ። ጋሽ መርዕድ ከቢሯቸው መጡና ወንበር ሳቡ።

«አንድ ላክህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ችግሩ ከዚያ በላይ ነው።»

«አንድ ላክ።»

ላክሁ። ወዲያ ማዶ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ደረሰ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሁለት ሳጥን ሣሉ። «ቁጥሩ በሁለት ሳጥን ተከፍሎ ነው የሚሄደው። ኮቦሉ የድሮ ልማዱን ይዞ ትልቁን ሳጥን ያስቀድማል። ፎርትራኑ ደግሞ እንደ አዲሱ ማሽን ልማድ ትንሹን ያስቀድማል። በትንሹ ሳጥን ያለችው አንድ በትልቁ ስትነበብ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ትሆናለች። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።» በሁለቱ መሃል ሳጥኖቹን የምታገላብጥ አጭር ፕሮግራም ጻፍን። ከሰዓት በኋላ አንድ ብለን ስንልክ አንድ ደረሰ። እንደዚያን ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

በማግሥቱ ጋሽ መርዕድ ለሦስት ወር የፖለቲካ ትምህርት ተጠርተው ሄዱ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። የቀረውን እኔ እንድጨርስ ነገሩኝ።

ከቀረው ውስጥ ቀን የሚያሰላው ፎርትራን ነበረበት። ሥራው አንድ መድኃኒት መቼ እንደተሠራ ተቀብሎ ዕድሜው ማለፍ አለማለፉን መናገር ነው። ከውጭ የሚመጣው በፈረንጅ ቀን ነው፤ አገር ውስጥ የሚሠራው ግን፣ እንደ እብድ ውሻ ክትባቱ ያለው፣ በእኛው ቀን ነው የሚመዘገበው። ፕሮግራሙ በካርድ ላይ ነበር፣ እኔ ወደ አዲሱ ማሽን እየገለበጥኩ እጽፋለሁ። ከየወሩ በፊት ስንት ቀን እንዳለፈ የሚያሳየው የወሮቹ ሰንጠረዥ ጋ ስደርስ አሥራ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ካርድ ላይ ተደርድረዋል። ከኋላው ብቻዋን የቆመች ሌላ ካርድ አለች፤ ላይዋ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ሦስት መቶ ስድሳ። ጠርዟ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበር፣ ደብዝዟል። አገላብጬ አየኋት። የተረፈች ካርድ ናት አልኩና ወደ ጎን አደረግኋት። ሰንጠረዡንም ወደ አሥራ ሁለት ሳጥን «አስተካከልኩት»።

ከዚያ እንደተማርኩት አንድ ላክሁ፤ መስከረም ማለት ነው፣ በደህና ደረሰ። መጨረሻውን ላክሁ፤ አሥራ ሁለት። እሱም በደህና ደረሰ። ዝርዝሩን አሳተምኩ።

ጥቅምት ላይ ነበር። ዕድሜው ያለፈበት መድኃኒት አጠገብ ማሽኑ ኮከብ ያትማል፤ ኮከብ ያለበት ይቃጠላል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደምሴ አንዲት ብልቃጥ በእጃቸው ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ጫማቸውን ማውለቅ ስለማይወዱ ወደ ውስጥ አይገቡም።

«አቶ ዘውዱ፣ ይሄ የውሻው ክትባት እኮ ትናንት የገባ ነው። ስድስት ወር ይቆያል ተብሎ ነው የተሰጠን። እንዴት ኮከብ መጣበት?»

ቢያንስ ብልቃጧን መቀበል እችል ነበር። ላይዋ ላይ የተሠራበት ቀን ተጽፏል፤ ጳጉሜን ይላል። አልተቀበልኳቸውም። «አቶ ደምሴ፣ ማሽን ተሳሳተ ብለን ልንጽፍ ነው?» አልኳቸው። እየሳቅሁ ነው ያልኩት፤ ያ ሳቅ እስካሁን ያሳፍረኛል። እሳቸውም ብልቃጧን ይዘው ሄዱ። በማግሥቱ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ጉድጓድ ተቃጠለ። ከኮሚቴው ጋር ፈርሜያለሁ። ብልቃጦቹ እሳት ውስጥ እየፈነዱ ሲንጣጡ ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ መርዕድ ትምህርታቸውን ጨርሰው መጡ። በር ላይ የክትባት ክፍሏን ነርስና አንዲት ሴት ሲነጋገሩ አገኟቸው። ሴትዮዋ ጫልቱ ትባላለች፤ ከቁስቋም በላይ ካለው ጫካ የባሕር ዛፍ እንጨት እየተሸከመች የምትሸጥ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጫካ ውስጥ ውሻ ነክሷታል። በዚያን ጊዜ የነበረው ክትባት በእምብርት ዙሪያ በየቀኑ አንድ፣ አሥራ አራት መርፌ ነው። አምስቱን ወስዳለች። ነርሷ ቀድሞ የተረፈው ክትባት አልቋል እያለቻት ነው። በዚያ ሳምንት ከጀመሩት ሦስት ሰዎች የሁለቱ ውሻ ታስሮ ጤነኛ ሆኖ ስለተገኘ ክትባቱ አላስፈለጋቸውም። የእሷ ውሻ ግን ጠፍቷል።

ጋሽ መርዕድ ነጠላ ጫማ እንኳ ሳያደርጉ ገቡ።

«ቀን የሚያሰላውን አዛወርከው?»

«አዛወርኩት ጋሼ።»

«አንድ ላክህ?»

«ላክሁ።»

«መጨረሻውን?»

«ላክሁ።»

«መጨረሻው ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት» አልኳቸው።

ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ አዩ። እኔም እሳቸውን ተከትዬ አየሁ፤ ወሮቹ በየረድፉ ተቀምጠው ከታች፣ ብቻዋን፣ አምስት ቀን ይዛ ያለችው ወር። መሳቢያ ከፍቼ ካርዷን አወጣኋት። ወደ መስኮቱ ይዘዋት ሄደው የደበዘዘውን የእርሳስ ጽሑፍ አነበቡልኝ። የራሳቸው ጽሑፍ ነበር፤ «ጳጉሜን። እንዳይወጣ።»

ሰንጠረዡን መጀመሪያ የጻፈው ፈረንጅ ስለሆነ አሥራ ሁለት ወር ነበር የሠራው። አሥራ ሦስተኛዋን በኋላ የጨመሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ሳወጣት ፎርትራኑ አልተቃወመም። አሥራ ሦስተኛውን ወር ሲጠየቅ ከአሥራ ሁለቱ ሳጥን አልፎ፣ እዚያ የተቀመጠውን የሌላ ሥራ ቁጥር አነበበ። በዚያ ስሌት ክትባቱ እኛ ሳንወለድ የተሠራ ሆነ። ፈረንጁስ ፈረንጅ ነው፣ ጳጉሜንን ከየት ያውቃታል? እኔ ግን ጉለሌ የተወለድኩ ሰው ነኝ።

ጋሽ መርዕድ ስልክ ላይ ተጣዱ። በየክፍለ ሀገሩ ደወሉ፣ ለመኑ፣ ተቆጡ፤ ሲቆጡ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን በአውቶቡስ፣ በበረዶ ሣጥን ጥቂት ብልቃጥ መጣ። ጫልቱ የቀረውን ወሰደች። ሐኪሙ ግን ለብቻችን ጠርቶ አልደበቀንም። «ተቋርጧል። በሽታው በወርም ሊመጣ ይችላል፣ በዓመትም ሊመጣ ይችላል። ከመጣ መድኃኒት የለውም። ዓመት ካለፋት ብዙም አያሰጋትም።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ተነሥቼ ስለ ካርዷም ስለ ሳጥኖቹም ተናገርኩ፤ ከአዳራሹ ሙሉ ሰው ነገሩ የገባው አልነበረም። ካድሬው ጉሮሮውን ጠረገና «ጓድ፣ በአጭሩ፣ አሻጥር ነው አይደለም?» አለ። ያ ቃል በዚያን ጊዜ ሰው ያስበላል። ጋሽ መርዕድ ተነሡ። «ስህተት ነው፤ ካርዷን ከዋናው ጋር ሳላያይዝ ለብቻዋ የተውኳት እኔ ነኝ» አሉ። ሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። እሳቸው የክፍል ኃላፊነታቸውንም አጡ፤ ስለዚህ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ክንዴን ያዙኝ።

«ለስብሰባው ተናገርክ። ለሴትዮዋስ?»

«እነግራታለሁ ጋሼ።»

አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? ልትሞቺ ትችያለሽ፣ እኔ ነኝ ብዬ? ከዚያ ይልቅ እንጨቷን መግዛት ጀመርኩ። ቤቴ እሷ በምትወርድበት መንገድ ላይ ነው። ማለዳ ስታልፍ እጠራታለሁ፣ እንጨቱን ታወርዳለች፣ ውሃ እሰጣታለሁ። ውሃውን ስትጠጣ ዓይኔን ከጉሮሮዋ አላነሣም፤ በሽታው ከመጣ ውሃ እንደማያስውጥ ሐኪሙ ነግሮኛል። ጠጥታ ስትጨርስ እኔ እተነፍሳለሁ። አንድ ሁለት ቀን ከቀረች ሰበብ ፈልጌ ወደ ቁስቋም እወጣለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ በቡታጋዝ ነው የምታበስለው። ግቢያችን በእንጨት ሞላ። «ዘውዱ፣ ልታነደው ነው ወይስ ፎቅ ልትሠራበት ነው?» ትለኛለች። ለእሷም አልነገርኳትም።

እንዲህ እያልን ተላመድን። እትዬ ጫልቱ እላታለሁ። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጫካ ጥበቃዎቹ ትነግረኛለች። የጥሩወርቅ እናት ባረፉ ጊዜ ጎንበስ ብላ ገብታ ከለቅሶተኛው ጋር ተቀምጣለች። አንድ ቀን ለጎረቤት «ይሄ ወንድሜ ነው» ስትል ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ያልነገርኳት ትዝ አለኝ።

ዓመቱ ዞሮ ጳጉሜን ገባች። በሦስተኛው ቀን፣ ለሩፋኤል፣ ዝናቡ ሲወርድ ልጆች ሊጠመቁ ራቁታቸውን ይሯሯጣሉ። ጫልቱ እንጨቷን ይዛ ከቤቴ ጣራ ሥር ተጠለለች። ውሃ ጠየቀችኝ፤ ጠጣች። ሌላ ቀን እንደማላገኝ ገባኝና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሳጥኑና ስለ ሁለቱ ቋንቋ አይደለም። ጳጉሜንን ረስቼ መድኃኒትሽን አቃጠልኩት ነው ያልኳት።

ፊቷን ወደ ዝናቡ መለሰች።

«ጳጉሜን እንዴት ይረሳል?» አለች። «ለእኔ ከዓመቱ እሷ ትበልጣለች። ለበዓሉ እንጨት የሚሸጠው፣ ችቦ የሚሸጠው መቼ ሆነና? ደሞዝተኛ ነው የሚረሳት።»

«እውነትሽን ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ አሁን አልሞትም?»

«ዓመቱ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሐኪሙ፣ ዓመት ካለፈ ብዙም አያሰጋም ብሏል።»

«ብዙም» አለች። ቀስ ብላ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እንጨቱን... ዓመቱን ሙሉ የገዛኸኝ ለዚህ ነበር? ልሙት አልሙት ለማየት?»

ጎንበስ ብዬ ጣሳውን አነሣሁ።

«እኔ ደግሞ ወዳጅ አገኘሁ ብዬ» አለች።

እንጨቱን እዚያው ትታ፣ ዋጋውንም ሳትጠብቅ፣ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ተከትዬ ጠራኋት፤ አልዞረችም። በማግሥቱ ለጋሽ መርዕድ ነገርኳቸው። «አሁን ጨረስክ» አሉኝ። የጨረስኩ ግን አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራሁ። ማሽኑ በሌላ ማሽን ተተካ፣ እሱም በሌላ፤ መንግሥትም ተለወጠ። በእያንዳንዱ ዝውውር ሁለት ቋንቋ ይጣላል፣ እኔን ይጠሩኛል፣ አንድ እልካለሁ፣ አሥራ ሦስት እልካለሁ። ዝርዝር ይዤ ወደ አዳራሽ እወርዳለሁ። ባልደረቦቼ ከኋላዬ ይስቁ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። ጋሽ መርዕድ ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ስቀብራቸው ካርዷ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች። አሁንም አለች፣ ምን እንደማደርግባት አላውቅም።

ጫልቱ አለች። ሸክሙን ትታለች፣ ወገቧ ጎብጧል። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከላይ ስትመጣ አየኋት። እሷም አየችኝ። እንደ ሁልጊዜው ከእኔ ጋር ላለመተላለፍ ወደ ወዲያኛው ዳር ታክሲውን አሳልፋ፣ በምርኩዝ ቀስ እያለች ተሻገረች። ፊቷን አዞረችብኝ። ታዙር። ቆሜ እስክትርቅ ድረስ አየኋት፤ በራሷ እግር ነው የተሻገረችው።